የነብር መልክ ያለው የወንበር ልብስ በጥንታዊ ሆት ሮድ ውስጥ ቦታ አለው ወይ?

ባለመርፌው (ክሩን የከፈተ)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። በደቡብ ካሊፎርኒያ በሚገኝ አንድ የመኪና ወንበር ማልበሻ ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ ሥራችን በአብዛኛው የአሮጌ መኪኖችን ወንበር፣ የበር ገበርና ጣሪያ እንደገና መሥራት ነው። አሁን በእጄ ያለው እ.ኤ.አ. የ1931 ሥሪት ፎርድ ሞዴል ኤ ኩፔ (ባለ ሁለት በር መኪና) ነው። ባለቤቱ ጣሪያውን አስቆርጦ ዝቅ አድርጎታል፣ ጭቃ መከላከያዎቹን አስነቅሏል፣ ፎርድ በ1932 ለገበያ ያቀረበውን ዓይነት ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተርም አስገብቶለታል። ቀለሙ የማያብረቀርቅ ጥቁር ሲሆን ቸርኬዎቹ ቀይ ናቸው። ደንበኛው መኪናው በ1950ዎቹ መጀመሪያ አንድ ወጣት በጓሮው ሊሠራው ይችል የነበረውን ሆት ሮድ፣ ማለትም ለፍጥነት ተብሎ የተራቆተና የተለወጠ አሮጌ መኪና፣ እንዲመስል ይፈልጋል፤ እስከዚህ ድረስ ምንም አለመግባባት አልነበረንም። ከዚያ በኋላ ግን ወንበሩ፣ የበሮቹ ገበር፣ ጣሪያውና ከወንበሩ ጀርባ ያለው መደርደሪያ በሙሉ የነብር ቆዳ በሚመስል ጠጉራም ጨርቅ እንዲለብሱለት ጠየቀ።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። አንደኛው፣ ይህ ዓይነቱ ልብስ በእርግጥ የዚያ ዘመን ነው ወይስ ከጊዜ በኋላ የመጣ ፋሽን? ሁለተኛው፣ ሥራውን ከተቀበልሁት ጨርቁን በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሳይበዛና ሳያስቀይም እንዴት ላውለው?

አሮጌ ፎርድ

ወንድሜ ባለመርፌው፣ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ አጭር ነው፤ ቦታ የለውም። ሆት ሮድ የተወለደው በካሊፎርኒያ ደረቅ ሐይቆች ላይ፣ በተለይም በሙሮክ፣ ርካሽ ፎርዶችን አራቁተው ፍጥነታቸውን በሚያስለኩ ወጣቶች እጅ ነው። ውድድሩን መልክ ያስያዘው ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ታይሚንግ አሶሲዬሽን የተቋቋመው በ1937 ሲሆን፣ በዚያ ሜዳ ላይ ትርፍ ክብደት ሁሉ እንደ ጠላት ስለሚታይ መብራትና የፊት መስታወት ሳይቀር ይነቀል ነበር። ለጌጠኛ ጨርቅ የሚያስብ ሰው ከየት ይመጣል? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ወንበሮች በትርፍ ዕቃ መሸጫዎች በርካሽ ይገኙ ስለነበር ብዙዎች እነርሱን አስገቡ፤ ያልቻለው ደግሞ የተቀደደውን ወንበር በቀለማም የሜክሲኮ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ይነዳ ነበር።

ገንዘብ ሲገኝ የሚሠራው አሜሪካውያን ተክ ኤንድ ሮል የሚሉት፣ ሰው ሠራሽ ቆዳው እየታጠፈና በጥጥ እየተሞላ ቀጥ ባሉ ጉብታዎች የሚሰፋው ወንበር ነበር። ለዚህ የተመረጠው ናውጋሃይድ የተባለው ሰው ሠራሽ ቆዳ ስሙን ያገኘው ከኮነቲከቷ የናውጋተክ ከተማ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣት ድንበር ተሻግሮ ወደ ሜክሲኮዋ ቲዋና ሄዶ በአነስተኛ ዋጋ አሰፍቶ ይመለስ ነበር፤ በጥራት ለሚታማው የቲዋና ሥራ ተቃራኒ የሚሆነው ደግሞ የውድድር አሽከርካሪም የወንበር ልብስ ሰፊም የነበረው የሸርማን ኦክሱ ቶኒ ናንሲ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ነብር አላየሁም። ለደንበኛዎ ነጭና ጥቁር ወይም ቀይ ተክ ኤንድ ሮል ይስፉለት።

ሰሎሜ ዘኦክላንድ

አቶ አሮጌ ፎርድ ስለ ደረቅ ሐይቆቹ የጻፉት ትክክል ነው፤ ከዚያ ተነሥተው የደረሱበት ድምዳሜ ግን ጠባብ መሰለኝ። የጨርቅ ታሪክ አጥኝ እንደመሆኔ ነገሩን ከመኪናው ሳይሆን ከልብሱ በኩል ላንሣው።

የነብር ቅርጽ የታተመበት ጨርቅ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ፋሽን አናት የወጣው ክርስቲያን ዲዮር በ1947 ባቀረበው የመጀመሪያ ስብስቡ ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1950፣ ጄኔራል ሞተርስ በኒው ዮርኩ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ባዘጋጀው ትርዒት ላይ ዴቢዩታንት የተባለች ጣሪያዋ ተከፋች የሆነ ካዲላክ ታየች። የውስጥ ብረቶቿ በወርቅ የተለበጡ ሲሆኑ ወንበሯ የለበሰው የታተመ ጨርቅ ሳይሆን እውነተኛ የነብር ቆዳ ነበር። በ1955 በፓሪሱ የመኪና ትርዒት ደግሞ ጎልደን ዜብራ የተባለችው የእንግሊዝ ዳይምለር ቀረበች፤ ሁፐር የተባለው የቦዲ ሠሪ ቤት የሠራት ይህች መኪና ክሮሙ በወርቅ፣ ወንበሯ በእውነተኛ የሜዳ አህያ ቆዳ፣ የፊት ሰሌዳዋም በዝሆን ጥርስ የተሠራ ነበር። ሐሳቡን ያመነጩት የዳይምለር ወላጅ ኩባንያ ሊቀ መንበር ባለቤት ሌዲ ዶከር ሲሆኑ፣ ለምን የሜዳ አህያ እንደመረጡ ሲጠየቁ የሚንክ ጠጉር ሲቀመጡበት ይሞቃል ብለው መመለሳቸው እስከ ዛሬ ይነገራል። ባለቤታቸው በቀጣዩ ዓመት ከሥልጣናቸው ተነሡ፤ ወጪ የበዛባቸው እነዚያ መኪኖችም ለወቀሳ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነበሩ።

እንግዲህ ዘመኑ ነብርንም የሜዳ አህያንም በመኪና ወንበር ላይ ያውቃቸው ነበር። የካሊፎርኒያ ወጣት እውነተኛ ቆዳ መግዛት ባይችልም፣ ሰው ሠራሽ ጠጉራም ጨርቅ በ1950ዎቹ አክሪሊክ ከተባለው ሰው ሠራሽ ክር በብዛት መመረት ሲጀምር፣ በመጽሔት ያየውን የሀብታም መኪና በጥቂት ዶላር መኮረጅ ይችል ነበር። የሆት ሮድና የካስተም መኪና ጥበብ ራሱ ካዲላክን በፎርድ ዋጋ ለማግኘት የሚደረግ ጥረት አይደለምን?

አሮጌ ፎርድ

እህቴ ሰሎሜ፣ ስለ ሁለቱ መኪኖች የጻፉትን አልክድም። ሆኖም ሁለቱም የኩባንያ ማሳያዎች ናቸው፤ አንዲቱ የዲትሮይት፣ ሌላይቱ የእንግሊዝ ባላባቶች። ሆት ሮድና ካስተም መኪናም አንድ አይደሉም። ካስተም የሚባለው ዝቅ ብሎ፣ የበር መያዣዎቹ ተነቅለው፣ ለውበትና ለእርጋታ የሚሠራው እንደ ሜርኩሪ ያለ ትልቅ መኪና ነው። ወንድማማቾቹ ጆርጅና ሳም ባሪስ በካሊፎርኒያዋ ሊንውድ ይሠሩት የነበረው ይህንን ነው፤ በዚያ ውስጥ ያለ ጌጥ አይከፋኝም። ሞዴል ኤ ኩፔ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሰሎሜ ዘኦክላንድ

ልዩነቱ አለ፤ ድንበሩ ግን እርስዎ እንዳሰመሩት የጠነከረ አልነበረም። በ1950ዎቹ አጋማሽ የቤት ውስጥ የመኪና ትርዒቶች ሲስፋፉ ሆት ሮድም ሜዳውን ትቶ ምንጣፍ ላይ ቆመ፤ ዳኞች ሞተሩን ብቻ ሳይሆን የሻንጣ መያዣውን ገበር ጭምር ይመለከቱ ጀመር። ባሪስም ቢሆን በ1960ዎቹ ለዘፋኞቹ ለሶኒና ለሼር የሠራቸው ሁለት ፎርድ ማስታንጎች ውስጣቸው ጠጉራም ነበር። ከዚያ 1970ዎቹ መጡና በየቫኑ ግድግዳ ላይ ጠጉር የሚመስል ጨርቅ ተለጠፈ፤ የዚያን ዘመን ሥራ ግን እኔም ለማንም አልመክርም።

ዛሬ በሆት ሮድ ውስጥ የምናየው ነብር ዋና ምንጩ ሌላ መሆኑን ደግሞ ልጨምር። ታዋቂዋ የፎቶግራፍ ሞዴል ቤቲ ፔጅ በ1954 ፍሎሪዳ ውስጥ ቦካ ሬቶን በሚገኘው አፍሪካ ዩኤስኤ የተባለ የእንስሳት ማሳያ፣ ከሁለት አቦሸማኔዎች ጋር፣ ራሷ የሰፋችውን የነብር መልክ ልብስ ለብሳ በፎቶግራፍ አንሺዋ በበኒ ዬገር ካሜራ ፊት ቆማ ነበር። በ1980ዎቹ ሮካቢሊ የተባለው የ1950ዎቹ የሮክ ኤንድ ሮል ሙዚቃ ሲያንሠራራ ወጣቶቹ ያንን ፎቶግራፍ እንደ ዘመኑ መለያ ያዙት፤ ልብሱን ወደ ጊታራቸው፣ ወደ ጫማቸው፣ በመጨረሻም ወደ መኪናቸው ወንበር አመጡት። ከ1998 ጀምሮ በላስ ቬጋስ በሚደረገው የሮካቢሊ በዓል ላይ የሚቆሙትን መኪኖች ያየ ሰው ይህንን ይረዳል። ስለዚህ ለባለመርፌው እውነተኛው መልስ እንዲህ ይመስለኛል፦ ጨርቁ ከዘመኑ ጋር አይጋጭም፤ ነገር ግን መኪናውን ከጣሪያ እስከ ወለል ማልበሱ የ1950ዎቹ ሳይሆን ያንን ዘመን የሚናፍቁ የኋለኞቹ ሰዎች ልማድ ነው።

ጥቁር ላዳ

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። እኛ ዘንድ ይህ ክርክር ቢነሣ ሰማያዊና ነጭ የላዳ ታክሲ ነጂዎች ያስቁብን ነበር፤ የፊት ሰሌዳው ላይ ጠጉራም ጨርቅ ማንጠፍ ለእነርሱ ጌጥም ከፀሐይ መከላከያም ነው፣ ዘመኑንም የጠየቀ የለም። አንድ ልምድ ብቻ ላካፍል፦ ጠጉራም ጨርቅ የፊት ሰሌዳ ላይ ሲሆን አቧራውን ይዞ ያስቀራል፣ በክረምትም ይሸታል። ሊነቀልና ሊታጠብ በሚችል መንገድ ካልተሠራ ጌጥነቱ አንድ ዓመት አይቆይም።

አዋሽ ዳር

በዱር እንስሳት ሙያ ውስጥ ስላለሁ ሰሎሜ የጠቀሰቻት ካዲላክ ከእኛ አካባቢ ጋር የተያያዘች መሆኗን ላክል፤ የነብሮቹ ቆዳ ከሶማሌላንድ የመጣ እንደነበር ተጽፏል። የአፍሪካ ቀንድ ለአውሮፓና ለአሜሪካ የጠጉር ልብስ ገበያ የነብር ቆዳ ምንጭ ነበር። በሀገራችን የነብር ለምድ የጀግናና የመኳንንት ማዕረግ መለያ ሆኖ በሥነ ሥርዓት ይለበስ ነበር፤ በሌላ በኩል አሜሪካዊት ቀዳማዊት እመቤት ጃክሊን ኬኔዲ በ1962 የነብር ካፖርት ለብሰው ከታዩ በኋላ የዓለም ገበያ ፍላጎት እጅግ ናረ። በመጨረሻ አሜሪካ ነብርን በ1972 ለመጥፋት በተቃረቡ እንስሳት መዝገብ አሰፈረችው፤ በ1975 ሥራ ላይ የዋለው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም በመጀመሪያው አባሪው ውስጥ አስገብቶ ለንግድ ድንበር ማሻገሩን ከለከለ።

ከሙያዬ የተነሣ የሚያናድደኝ ሌላ ነገር አለ። በገበያ «ነብር» እየተባለ የሚሸጠው ጨርቅ ብዙው ነብር አይደለም። የነብር ነጠብጣብ መካከሉ ክፍት ሆኖ ዙሪያውን በተቆራረጠ ጥቁር የተከበበ፣ አበባ የሚመስል ነው፤ በዚያ አበባ መካከል ተጨማሪ ጥቁር ነጥብ ካለ የደቡብ አሜሪካው ጃጓር ነው፤ ድፍን ክብ ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ አቦሸማኔ ነው። በእውነተኛ ነብር ጀርባ አጥንት ላይ ነጠብጣቡ ትንሽና የተጠጋጋ ሲሆን ወደ ጎን እየሰፋ ይሄዳል። ጥሩ ጨርቅ ይህንን ይከተላል፤ ርካሹ ግን አንድ ዓይነት ነጠብጣብ ከዳር እስከ ዳር ይደግማል፣ ዓይንም ወዲያው ይይዘዋል። የሜዳ አህያም እንዲሁ ነው፤ ጨርቅ አታሚዎች የሚመርጡት ሰፋፊ መስመር ያለውን ተራውን ዝርያ ሲሆን፣ በሰሜን ኬንያና በኢትዮጵያ የሚኖረው ባለ ቀጭን መስመሩ የግሬቪ የሜዳ አህያ በወንበር ላይ አይታይም። የእኛን ጥቁር ገሰላ ያተመም የለም፤ በጥቁር መኪና ውስጥ ግን ያምር ነበር።

ባለመርፌው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከጠበቅሁት በላይ ተማርሁ። አቶ አዋሽ ዳር፣ አንድ ነገር ላማክርዎ። ደንበኛው ከአያቱ የወረሰው በ1960ዎቹ የተገዛ እውነተኛ የነብር ካፖርት አለ፤ እርሱን ቀድጄ የወንበሩን መካከል እንድሠራበት ሐሳብ አቅርቦልኛል። ቆዳው አሮጌ ነው፣ ነብሩም ከሞተ ቆይቷል ይላል።

አዋሽ ዳር

አይቀበሉት። የወረሱትን ዕቃ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ መሸጥ ሌላ ነው። ካፖርቱ የወንበር ልብስ ከሆነ በኋላ ከመኪናው አይለይም፣ መኪናውን ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው መሸጥ ወይም ለትርዒት ወደ ውጭ መላክ ሲፈልግም ፈቃድ የሌለው የነብር ቆዳ ይዞ ሊገኝ ነው። በአሜሪካ ሕግ ለጥንታዊ ቅርስ የሚሰጠው ልዩ ፈቃድ ዕቃው ቢያንስ መቶ ዓመት እንዲሆነው ይጠይቃል፤ የ1960ዎቹ ካፖርት ገና ብዙ ይቀረዋል። ሕጉን ለጊዜው ብንተወው እንኳ አሮጌ የጠጉር ቆዳ ለመቀመጫ አይሆንም፤ ካፖርት የሚሠራበት ስስ ቆዳ ከደረቀ በኋላ የሰው ክብደት ሲያርፍበት እንደ ወረቀት ይቀደዳል።

ጋሽ ማስቲሽ

ልጆቼ፣ ስለ ታሪኩ በቂ ተባለ፤ እኔ ወደ መቀሱና ወደ መርፌው ልምጣ። ባለመርፌው፣ የጠየቅኸው ሁለተኛው ጉዳይ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ከጨርቁ ጀምር። ጠጉራም ጨርቅ ስትገዛ ጀርባውን አገላብጠህ እይ። ጀርባው እንደ ሹራብ የተሠራ ከሆነ ይሳባል፤ ሰው በተቀመጠበት ቁጥር እየተለጠጠ ነጠብጣቡ ሞላላ ይሆናል፣ መካከሉም ይረግባል። ጀርባው በሸማ አሠራር የተሸመነውን ፈልግ፤ ካጣህ ግን ያገኘኸውን ከጠንካራ አቡጀዲ ጋር አጣብቀህና ዙሪያውን ሰፍተህ ከዚያ ቁረጠው። የጠጉሩ ርዝመት አጭር ይሁን። ረዥም ጠጉር ለአልጋ ልብስ እንጂ ለመቀመጫ አይሆንም፤ ወዲያው ይጠቀጠቅና የተቀመጡበት ቦታ ራሱን የቻለ መላጣ ይሆናል። ከፋይ መሰሉ አጭር ጠጉር ያለው ጨርቅ በፎቶግራፍም ላይ ነጠብጣቡን ጥርት አድርጎ ያወጣል።

ስትቆርጥ በመቀስ አትግባበት። ጨርቁን ገልብጠህ በጀርባው በኩል በምላጭ የታችኛውን ሸማ ብቻ ክፈት፤ ጠጉሩ ራሱ ይለያያል። በመቀስ ከቆረጥኸው ጠጉሩ ይታጨድና ስፌቱ ላይ ነጭ መስመር ይታያል። ከሰፋህ በኋላም በስፌቱ ውስጥ የተያዘውን ጠጉር በመርፌ ጫፍ እያወጣህ አበጥረው፤ በደንብ ከተሠራ መጋጠሚያው የት እንዳለ አንተም ይጠፋሃል። የጠጉሩ አተኛኘት በመደገፊያው ላይ ወደ ታች፣ በመቀመጫው ላይ ወደ ፊት፣ በበሮቹ ላይ ወደ ታች መሆን አለበት። ሁለቱ በሮች አተኛኘታቸው ከተለያየ አንዱ ጥቁር ሌላው ቢጫ ይመስላል፤ ደንበኛው ምክንያቱን ባያውቅም ነገሩ እንዳልተስተካከለ ያያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በነብር ጨርቅ ላይ ተክ ኤንድ ሮል አትስፋ! ጉብታዎቹ አበባዎቹን እየቆረጡ የነብሩን መልክ ወደ ድፍርስ ቡናማ ይለውጡታል። ነብሩ ዝርግ ሆኖ ይቀመጥ፤ ተክ ኤንድ ሮሉ በዙሪያው በሰው ሠራሽ ቆዳ ይሠራ። በሞዴል ኤ ኩፔ ውስጥ ያለው ወንበር አጭር ስለሆነ አንድ ሰፊ ዝርግ መካከል ብቻ ይበቃዋል፤ የጨርቁን የጀርባ አጥንት መስመር በወንበሩ እኩሌታ ላይ አሳርፈው፣ ከዚያ ግራና ቀኙ እኩል ይወርዳል። ወንበሩን በሦስት ክፍል ከፍለህ ሦስት ነብር ካስቀመጥህበት ግን ገበያ ይሆንብሃል።

ጣሪያውንስ ማልበስ ይቻላል? ይቻላል፤ እንዲያውም እኔ ብሆን ከወንበሩ ይልቅ ጣሪያውን እመርጣለሁ። ማንም አይቀመጥበትም፣ ፀሐይ አያገኘውም፣ በሩ ሲከፈት ብቻ ይታያል። ነገር ግን ጣሪያው ተቆርጦ ዝቅ ብሏል ብለሃል፤ ጠቆር ያለ ጠጉራም ነገር ከራስ በላይ ሲሆን ክፍሉን ይበልጥ ያጠባል፣ ረዥም ሰውም ጸጉሩ ይነካዋል። ደንበኛውን አስቀምጠህ ለካው።

ሙጫውንም ልብ በለው። የሚረጭ ሙጫ ብዙ ካርከፈከፍህ በሸማው አልፎ ጠጉሩን ከሥሩ ያደርቀዋል፤ ስስ አድርገህ፣ በጨርቁ ላይ ሳይሆን በስፖንጁ ላይ እርጨው። ካውያና የሚፈላ ውኃ እንፋሎት አታስጠጋው፤ አክሪሊክ ይቀልጣል፣ የቀለጠ ጠጉርም ዳግመኛ አይነሣም።

ሰሎሜ ዘኦክላንድ

ጋሼ፣ እንዲህ ተብራርቶ ሲጻፍ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። በቀለም በኩል አንድ ነገር ልጨምር። በገበያ ካሉት ውስጥ መደቡ ወርቃማ ብርቱካን የሆነው የኋለኛው ዘመን ስሜት አለው፤ መደቡ ወደ ገለባ የሚያደላ፣ ነጠብጣቡም ድፍን ጥቁር ሳይሆን ጠርዙ ቡናማ የሆነው ለ1950ዎቹ ይቀርባል። ሐምራዊና ሮዝ ነብር ከዚህ ክር ውጭ ነው።

የዳላሱ

አንድ የደኅንነት ጉዳይ ተረስቷል። አሜሪካ ውስጥ ከመስከረም 1972 ጀምሮ ለሚሠሩ መኪኖች የውስጥ ጨርቅ እሳት ሲይዘው በደቂቃ ከ102 ሚሊሜትር በላይ እንዳይነድ የሚያስገድድ ደንብ አለ። የ1931 መኪና በዚህ ደንብ አይገደድም፤ ነገር ግን ለልብስና ለመጫወቻ የተሠራ ጠጉራም ጨርቅ ከዚህ በጣም በፈጠነ ሁኔታ ሊነድ ይችላል። ለመኪና መሆኑ የተመሰከረለትን ጨርቅ ይፈልጉ፤ ወለሉ ላይና በሞተሩ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ግን ምንም ዓይነት ጠጉራም ጨርቅ አያድርጉ። በእነዚህ ትንንሽ መኪኖች ውስጥ የጭስ መውጫው ቧንቧ ከእግር ሥር በጣም ቅርብ ነው።

ጥቁር ላዳ

የዳላሱ እውነት ተናግረዋል። ሲጋራ የሚያጨስ ደንበኛ ከሆነም አስቀድመው ይንገሩት።

ባለመርፌው

ከደንበኛው ጋር ዛሬ ተነጋግሬ የተስማማንበትን ላሳውቃችሁ። ካፖርቱ ለአያቱ መታሰቢያ በቁም ሣጥኑ ይቀመጣል። ወንበሩ ጥቁር ተክ ኤንድ ሮል ሆኖ መካከሉ ብቻ ዝርግ ነብር ይሆናል፤ የጀርባ አጥንት መስመሩም ጋሽ ማስቲሽ እንዳሉት እኩሌታው ላይ ያርፋል። በሮቹ ላይ ከክንድ ማሳረፊያው በላይ አንድ ጠባብ ቁራጭ ይገባል፣ የታችኛው ክፍል ጫማ ስለሚነካው ጥቁር ይሆናል። ከወንበሩ ጀርባ ያለው መደርደሪያ ግን የኋላ መስታወቱ ፀሐይ ቀጥታ ስለሚያርፍበት ጥቁሩ ወደ ቡናማ መገርጣቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ሊነቀል በሚችል ስስ ጣውላ ላይ ለብሶ በቁልፎች ይያዛል፣ ጨርቁ ሲገረጣም እንዲለወጥለት ከዚያው ጥቅል ትርፍ ቁራጭ አስቀምጣለሁ። ደንበኛው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ጣሪያውን ለካሁት፤ ባርኔጣ ማድረግ ስለሚወድ ተራ ጥቁር ጨርቅ እንዲሆን እርሱ ራሱ መረጠ። ወለሉ ጥቁር ሞኬት ነው።

አቶ አሮጌ ፎርድ፣ አሁንም እንደሚቃወሙ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አስተያየትዎን ብሰማ ደስ ይለኛል።

አሮጌ ፎርድ

የእኔ መኪና ቢሆን ነብሩን አላስገባውም ነበር። ካስገቡት ግን በነብሩና በተክ ኤንድ ሮሉ መካከል የሚሰፋውን ክብ ጠርዝ ነጭ እንዳያደርጉት፤ ነጭ ከሆነ ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጠርዙ ነው። ከቸርኬዎቹ ጋር አንድ ዓይነት ቀይ ያድርጉት፤ ቀዩንም ከመቁረጥዎ በፊት ጨርቁን ወደ ውጭ አውጥተው በፀሐይ ብርሃን ከቸርኬው ጎን ያስተያዩት፤ በወርክሾፕ መብራት ሥር ሁለት ቀይ አንድ ይመስላል።

ባለመርፌው

ቀይ እንዲሆን ተስማምተናል። ጨርቁ እንደደረሰ የመጀመሪያውን የበር ገበር ሰፍቼ ፎቶግራፉን እዚሁ ክር ላይ አኖራለሁ።